በአባታቸው ስም «አቤት» ያሉት ሰው

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል የሚወርድ ሰው በግራ በኩል አንዲት የነጣች ጃንጥላ፣ ከሥሯ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ ሽማግሌ ማየቱ አይቀርም ነበር። ጋሽ ኢስሃቅ ሙዓዊያ ናቸው፤ ማመልከቻ ጸሐፊ። አሥር እርምጃ አለፍ ብላ የነበረችው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ደግሞ የእኔ ናት። ምብራት እባላለሁ። ስለ እሳቸው ልጽፍ የተነሣሁት ወድጄ አይደለም። አንዳንድ ነገር ካልጻፉት አያስተኛም፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ እወዳለሁ።

በወጉ ቢሆን ጠላት መሆን ነበረብን። እኔ ኮምፒዩተር ይዤ ስመጣ የእሳቸው የጽሕፈት መኪና ገበያዋ ቀዘቀዘ። ግን ባለጉዳዩ እኔ ጋ ፍጥነት እንጂ ቃል እንደማያገኝ ቶሎ ገባው። ስለዚህ እሳቸው ያረቃሉ፣ እኔ እተይባለሁ፣ ሻዩን በተራ እንገዛለን። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «ማመልከቻ ሦስት ነገር ነው፤ ለማን፣ ምን፣ ስለምን። አራተኛ ከጨመርሽበት ለቅሶ ይሆናል» ይሉኛል።

የተወለዱት እዚያው ሰፈር ነው። አባታቸው ሙዓዊያ ኢብራሂም ከወሎ መጥተው ፒያሳ ላይ ባርኔጣ ይሸጡ ነበር። ልጃቸው ማትሪክ ሲወድቁ አልተቆጡም፤ ያገለገለች የጽሕፈት መኪና ገዝተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላቸው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለወጠ፣ ቀበሌው ስሙን ለወጠ፣ ጋሽ ኢስሃቅ ግን ከጃንጥላቸው ሥር አልተነሡም። ከአርባ ዓመት በላይ የሰፈሩን ጡረታ፣ የሰፈሩን ፍቺ፣ የሰፈሩን አቤቱታ ሁሉ ጻፉ። የውሸት ግን አልጻፉም። አንድ ጊዜ ጡረታ ላለመውጣት ዕድሜውን አራት ዓመት የሚያስቀንስ ማመልከቻ ፈልጎ የመጣ ሰውዬ ነበር። «እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው። ያልሆነውን የምትጽፍ እዚያ አለችልህ» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙት። ሰውዬው እውነት መስሎት መጣ። ሣቄ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ዐፊፋ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ከድልድዩ በላይ ካለው ሆስፒታል ሰውነት የሚያፍታታ ሕክምና አላቸው፤ ጋሽ ኢስሃቅና ጎረቤት ተጋግዘው በተሽከርካሪ ወንበር ይወስዷቸዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እትዬ ጽጌማርያም መጥተው ያገላብጧቸዋል፣ ያጥቧቸዋል። እትዬ ጽጌማርያም ጥልፍ ጠላፊ ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው፤ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ለልብስ ሰፊው ለሐጎስ ተድረው ከትግራይ ሲመጡ ጋሽ ኢስሃቅ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ» ሲላቸው እሳቸው «አንተ ኢስሃቅ» ይሏቸዋል።

እንዲህ ስንኖር ዕቅዱ መጣ።

አዳራሽ ተጠርተን ሄድን፤ ግድግዳው ላይ ከድልድዩ እስከ ወንዙ ያለው ሰፈር በሙሉ በቀለም ተሥሎ ተለጥፏል። መንገዱ ግራጫ፣ ሱቁ ቢጫ፣ የእኛ ሰፈር አረንጓዴ። አረንጓዴ ደርሶን ደስ አለን። ለካ አረንጓዴ ማለት ሰው የማይኖርበት ማለት ነው።

ዓምደሚካኤል የሚባል ወጣት የዕቅድ ባለሙያ አስረዳን። ሠላሳ ያልሞላው፣ ሽማግሌ ሲያይ ከወንበሩ የሚነሣ ትሑት ልጅ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለን ነበር። ያለን ይህን ነው፤ ሰፈሩ ይነሣል፤ የሚነሣው ሰው ዕጣ እያወጣ ከተማው ዳር ባለው ኮንዶሚኒየም ይገባል። ነገር ግን አንድ የውጭ ድርጅት ለነዋሪዎች የኢኮኖሚ ልማት የሚሰጠው ድጎማ አለ። ቢያንስ አምስት ዓመት የቆየ ማኅበር ያላቸው ነዋሪዎች በአንድ ወር ውስጥ የሥራ ዕቅድና የአባላት ስም ዝርዝር ካቀረቡና ከተመረጡ፣ እዚያው በቅርብ ከታች መሥሪያ ከላይ መኖሪያ ያለው ሕንፃ ይሠራላቸዋል። በዝርዝሩ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ስም አንድ በር።

አምስት ዓመት የቆየ ማኅበር ከየት ይመጣል? ያለን እድር ብቻ ነው። የድልድይ ማዶ እድር፣ ሠላሳ ስምንት ቤት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ። ዓምደሚካኤል ጠይቆ መጣና «ይሆናል» አለ።

ጋሽ ኢስሃቅ ጃንጥላቸውን አጥፈው ሦስት ሳምንት ቤት ለቤት ዞሩ። የጫማ ሰፊውን፣ የሰዓት ጠጋኙን፣ የጥልፍ ሠሪዎቹን ሥራ እየጠየቁ ጻፉ። እንዲያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። «ሰው አርባ ዓመት አብሮ ኖሮ ጎረቤቱ ምን እንደሚያውቅ አያውቅም» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ወረቀቱን እያገላበጡ። እኔ እየተየብኩ አርባ አንድ ገጽ ሆነ። የተፈረመው በእድሩ ዳኛ በአቶ አስገዶም ነው። ዓምደሚካኤልም ጋሽ ኢስሃቅን «ጋሼ ጸሐፊ» እያለ ይጠራቸው ነበር እንጂ ስማቸውን ጠይቆ አያውቅም።

የስም ዝርዝሩን ያያያዝነው በመጨረሻ ነው። እዚህ ላይ የእድራችንን ልማድ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ የተበላሸው በእሱ ነውና። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ስብሰባ አለ። አቶ አስገዶም ስም ይጠራሉ፣ ሰው «አቤት» ይላል፣ የቀረ ይቀጣል። ታዲያ በእኛ እድር አባል ሲሞት ስሙ አይሰረዝም። ስም ከተሰረዘ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው፣ በአንድ ቤት ላይ ሁለተኛ ሞት መጥራት ነው ይላሉ። ባል ሲሞት ሚስት፣ አባት ሲሞት ልጅ በዚያው ስም «አቤት» ይላል። እትዬ ጽጌማርያም «ሐጎስ ገብረሥላሴ» ሲባል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቤት ብለዋል፤ ማንም ሥቆ አያውቅም። እንግዳ ልማድ መሆኑን ራሱ ረስተነው ነበር። የገዛ አፍንጫውን ማን ልብ ብሎ ያያል?

ጋሽ ኢስሃቅ የእድሩን መዝገብ ገልጠው ከአንድ እስከ ሠላሳ ስምንት አነበቡልኝ። የሰው ወረቀት ሲመረምሩ የኖሩ ሰው፣ አንድ ነጥብ ሲጎድል የሚያዩ ሰው፣ ይህን አላሰቡትም። እኔም ተየብኩ። አሥራ ሰባተኛው ላይ «ሙዓዊያ ኢብራሂም» አሉኝ። የአባታቸው ስም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት እንዳለፋቸውም አውቃለሁ። የሰማው ግን ጣቴ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

ዓምደሚካኤል ሰኔ ላይ ሊያጣራ መጣ። የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በድንኳኑና በድስቱ መሀል፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ጠበቅነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እትዬ ጽጌማርያም የጠለፉትን የትከሻ ልብስ ለናሙና ይዘው መጥተዋል። ልጁ በእጁ በያዘው ታብሌት ላይ እያየ ስም መጥራት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አቤት፣ አቤት፣ አቤት።

«ሐጎስ ገብረሥላሴ።»

«አቤት» አሉ እትዬ ጽጌማርያም።

ልጁ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ የወንድ ስም መሰለኝ።»

«አዎ፣ የባሌ ነው።»

«እሳቸውስ የሉም?»

«እሱማ አርፏል፤ ዘጠኝ ዓመቱ።»

ልጁ ግራ ገብቶት ቀጠለ። ሰባተኛው ስም ላይ ሌላ ሴት «አቤት» አለች። ዘጠነኛው ላይ ሌላ። ፈገግታው ጠፋ። «ሙድ እየያዛችሁብኝ ነው?» አለ፤ ድምፁን ግን አላነሣም። አቶ አስገዶም ተነሥተው ልማዱን ሊያስረዱት ሞከሩ። ሲያስረዱ እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እንግዳ ሰማሁት። የውጭ ድርጅት ገንዘብ ለመውሰድ ሙታን የመዘገበ እድር፤ ከልጁ ወንበር ሲታይ ነገሩ ይኼ ነበር።

አሥራ ሰባተኛው ላይ «ሙዓዊያ ኢብራሂም» አለ።

«አቤት» አሉ ጋሽ ኢስሃቅ።

የወንድ ስም፣ የወንድ ድምፅ፣ ነጭ ጢም። ዓምደሚካኤል ቀና ብሎ አይቷቸው ምልክት አደረገና አለፈ። ጋሽ ኢስሃቅ ሊያታልሉ ብለው አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ እንደ ወትሮው እሑድ ነው አቤት ያሉት። ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልመሰክርም።

ደብዳቤው በሁለት ሳምንቱ ደረሰ። ዕቅዳችን ተወዷል፤ ከቀረቡት ሁሉ የተሻለ ነው ይላል። ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ በሕይወት የሌሉ አሥራ አንድ ሰዎች ተመዝግበው ተገኝተዋል። በአምስት ቀን ውስጥ ስሞቹ ካልተሰረዙ ማመልከቻው በሙሉ ውድቅ ይሆናል። የማስገቢያው ጊዜ ስላለፈ ግን አዲስ ስም መጨመር አይቻልም።

ጋሽ ኢስሃቅና እኔ ሮጠን ዓምደሚካኤል ቢሮ ሄድን። በባሎቻቸው ስም ፈንታ የሴቶቹን ስም ብቻ ተኩልን፣ ሰዎቹ እነሱው ናቸው፣ ቤቱም ያው ቤት ነው አልነው። ልጁ ተነሥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ በእኔ ቢሆን አሁኑኑ ነበር የምቀይረው። ሲስተሙ ተዘግቷል፤ መሰረዝ እንጂ መጨመር አይቀበልም» አለ። ይህን ሲስተም የሚባለውን አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው የምለውን አውቅ ነበር።

ስንመለስ ድልድዩ ጋ ጋሽ ኢስሃቅ ቆሙና «አሥራ አንድ ነው ያለው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ የሞቱትን በሙሉ አልቆጠርኩም ነበር። እሳቸው ግን ቆጥረዋል፤ አሥራ ሁለት ናቸው።

በማግሥቱ እድሩ ተሰበሰበ። አንዱ ሁሉንም እንተወው አለ፣ ሌላው እንክሰስ አለ፣ ሦስተኛው ማንን ነው የምንከሰው አለ። እትዬ ጽጌማርያም እጃቸውን አነሡ። ቀስ ብለው ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሠላሳ ስምንታችንም ከምንበተን ሃያ ሰባታችሁ ትረፉ። ሰርዙን» አሉ።

ከቀሩት አሥር ሴቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ኡሙሀኒ፣ «እኔስ አልሞትኩም» ብለው በሩን ከኋላቸው ሳይዘጉ ወጡ። የሞተ ተጎዳ ይባላል። በእኛ እድር ግን የተጎዱት ያልሞቱት ናቸው።

ላፕቶፔን የእድሩ ትልቁ ድስት ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ጋሽ ኢስሃቅ መዝገቡን ይዘው አጠገቤ ቆሙ። እሳቸው ያነብባሉ፣ እኔ እሰርዛለሁ። «አራት፣ ሐጎስ ገብረሥላሴ» አሉ። ሰረዝኩ። «ሰባት» አሉ። ሰረዝኩ። በየስሙ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች ወይም ራሷን ታዞራለች። አንድ ቁልፍ ነው፤ ለመሰረዝ ከአንድ ጣት በላይ አያስፈልግም።

«አሥራ አራት» አሉ። ሰረዝኩ። ከዚያ ማንበቡን አቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። ቀጣዩ አሥራ ሰባት እንደሆነ እኔ ስክሪኑ ላይ እያየሁ ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሙዓዊያ ኢብራሂም ማን እንደሆኑ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ግማሹ ቀብራቸው ላይ ቆሟል። አቶ አስገዶም ጣሪያውን አዩ። እትዬ ጽጌማርያም መሬቱን አዩ።

«አሥራ ዘጠኝ» አሉ ጋሽ ኢስሃቅ።

እኔም ወደ አሥራ ዘጠኝ ወረድኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ቀን እኔ ዝም አልኩ፣ የተረፉት ዝም አሉ፣ የተሰረዙትም ዝም አሉ፤ እንዳልነቀዘ ማንም አይንገረኝ።

በማግሥቱ ሳልጠይቃቸው ሱቄ በር ላይ መጥተው ቆሙ። «ኮንዶሚኒየም ብገባ ዐፊፋን አራተኛ ፎቅ ማን ያወጣልኛል? ሊፍት የለውም እኮ። ሕክምናውስ? ከዚያ ዳር ድረስ በሳምንት ሁለቴ ማን ያመላልሳታል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እትዬ ዐፊፋ ከዚህ ከራቁ ሕክምናው ይቀራል፤ ከቀረ ደግሞ ቀኙም ግራውን ይከተላል ብሏል ሐኪሙ። መልስ ፈልገው የመጡ ግን አይመስለኝም። እንደዚያም ሆኖ ተናድጄባቸው ነበር፤ አሁንም እናደዳለሁ፤ ደግሞ እሳቸውን ብሆን ምን እንደማደርግ ሳስብ ንዴቱ ወደ ራሴ ይዞርብኛል።

የገንዘቡ ነገር ጸደቀ። ሕንፃው ተጀመረ። እኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ድምፁን ቀንሶ መኖር ያዘ። ስብሰባው አልቀረም፤ መዝገቡም እንደ ዝርዝሩ ተስተካክሎ ሃያ ሰባት ስም ይጠራል፣ ሙዓዊያ ኢብራሂም ላይ ሲደርሱ አቶ አስገዶም ትንሽ ይፈጥናሉ። ጋሽ ኢስሃቅ ሻይ ሲጠሯቸው «ጠጥቻለሁ» ማለት ለመዱ። አንድ ቀን አንዲት ሴት የልጇን የልደት ቀን ከእውነተኛው አሳልፋ ልታስጽፍ መጣች። በፊት ቢሆን ወደ እኔ ይልኳት ነበር። ያን ቀን ግን ጻፉላት። ልብ ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

እትዬ ጽጌማርያም ግን ጠዋት ጠዋት እትዬ ዐፊፋን ማጠባቸውን አላቆሙም። ይቆጣሉ፣ ይቀራሉ፣ ቢያንስ አንድ ቃል ይናገራሉ ብለን የጠበቅን ሁሉ አፈርን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በዚያች መንገድ ያልፋሉ፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው። ጋሽ ኢስሃቅ እሳቸው ሲገቡ ከቤት መውጣት ጀመሩ። ጃንጥላቸውን ከመንገዱ ሰው ሁሉ ቀድመው የሚዘረጉት ለሥራ ተግተው የሚመስለው ሰው ነበር፤ እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ሕንፃው አለቀ። የእድሩ ማኅተም ባለበት ዝርዝር መሠረት የበር ቁጥር ተለጠፈ። በር ቁጥር አሥራ አንድ፣ ሙዓዊያ ኢብራሂም። በዚያው ሳምንት የተሰረዙት ዕጣ አወጡ፤ ለእትዬ ጽጌማርያም አምስተኛ ፎቅ ደረሳቸው፤ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት ቦታ ነው። ለጥልፋቸው ክር የሚገዙትም፣ ሥራቸውን የሚያስረክቡትም እዚህ ነው። እዚያ ማን ያውቃቸዋል? ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ሰው እኛ ነን።

እኔ ዝም ማለቱ አቃተኝ። ዓምደሚካኤልን አግኝቼ ሌላ መንገድ እንዳለ ጠየቅሁት። «ከበሮቹ አንዱ በሆነ ምክንያት ከተለቀቀ፣ ከተሰረዙት ውስጥ በራሷ ስም መጀመሪያ ላመለከተች ይሰጣል። ግን መለቀቁን የሚያሳይ ምክንያት ማመልከቻው ላይ መኖር አለበት» አለኝ። ይህንኑ ለእትዬ ጽጌማርያም ነገርኳቸው። የትኛው በር እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ መንገር አያስፈልግም ነበር። ተንኮል ነበረበት፣ አልክድም። እሳቸው እንዲሉት ፈልጌ ነበር፤ ያን ቀን ድስቱ ላይ ሆኜ እኔ ያላልኩትን።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ መጡ። ወደ ጃንጥላው አልሄዱም። የባላቸውን የሞት ምስክር ወረቀት ማመልከቻ፣ የቤቱን ውል፣ ከመንግሥት ጋር የተጻጻፉትን ሁሉ የጻፉላቸው ጋሽ ኢስሃቅ ናቸው፤ ያን ቀን ግን በጠረጴዛቸው ፊት አልፈው፣ «እንደምን ዋልክ» ብለው፣ እኔ ሱቅ ገብተው ተቀመጡ። በሬ ክፍት ነው። ጋሽ ኢስሃቅ ብዕራቸውን ይዘው ባዶ ወረቀት ላይ አቀርቅረዋል።

«በስሜ ጻፊልኝ» አሉኝ። «ስሜን ታውቂዋለሽ?»

«ጽጌማርያም…»

«ወልዱ። ጽጌማርያም ወልዱ።»

ተየብኩት። የአባታቸውን ስም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለማን፣ ምን፤ እዚያ ድረስ በቀላሉ ሄደ። ስለምን የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ።

«እትዬ፣ ምክንያት ያስፈልጋል። በዝርዝሩ ላይ እስካሁን በሟች ስም የተያዘ በር ካለ መጻፍ አለበት። ካለ ማመልከቻው ያሸንፋል፤ ከሌለ ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል። አለ?»

ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። ከውጭ የታክሲ ረዳት ይጮኻል፣ ሰው ይወርዳል ይወጣል፣ የጋሽ ኢስሃቅ ብዕር ግን አይንቀሳቀስም። እትዬ ጽጌማርያም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አነባብረው ነበር። መርፌ የበሳውን የጠቋሚ ጣታቸውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው አሹት። ወደ ውጭ አላዩም።

«የለም» አሉ።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«የለም አልኩሽ፣ ልጄ። ያልኩሽን ጻፊ።»

የጃንጥላው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ጋሽ ኢስሃቅ ተነሥተው እስከ በሬ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል። ዓይናቸው ወደ እትዬ ጽጌማርያም ሄደ፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ። እኔ ጠበቅኋቸው። እትዬ ጽጌማርያምም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩአቸው፤ ጠበቋቸው።

«ምብራት» አሉ በመጨረሻ፣ «ቀኑን በግራ በኩል ጽፈሽዋል። ቀን የሚጻፈው በቀኝ ነው።»

እትዬ ጽጌማርያም መልሰው አቀረቀሩ። እኔም ቀኑን ወደ ቀኝ ወስጄ ወረቀቱን አተምኩት።